ከአማቴ ጋር ሾላ ላይ የወጣሁ ዕለት

ሆሳዕና ውስጥ መኪና እየነዳ እኔን የማያውቅ ሰው ካያችሁ፣ ያ መኪና የተሰረቀ ነው። ሀንዲሶ ጎሚስታ ማለት እኔ ነኝ። ከዱራሜ እስከ ጃጁራ፣ ከአንጋጫ እስከ ሀቢቾ በነዚህ እጆች ያልተጠገነ ጎማ የለም። ትምህርት ቤት አልገባሁም። አማርኛውን ከመጽሐፍ ቅዱስ ለቀምኩ፣ የፈረንጁን ፊደል ደግሞ ጎማ ላይ ከተጻፈው። አስተማሪ ቢኖረኝ ኖሮ ይሄኔ ሚኒስትር ነበርኩ፤ ግን ጎማችሁን ማን ይጠግንላችሁ ነበር? እግዜር ለእናንተ አስቦ ነው።

ጉረኛ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነኝ እንጂ! ሰው ያለውን ካላወራ ማን ያወራለታል? ዛሬ የማጫውታችሁን ግን እስካለፈው ክረምት ድረስ ለማንም ተንፍሼው አላውቅም። እኔ! ለባለቤቴ እንኳ! እንዴት እንደቻልኩ አሁንም ይገርመኛል።

ነገሩ የሆነው ገና ጎረምሳ ሳለሁ ነው። ገበያው አጠገብ አንድ የእጅ መንፊያ፣ ሁለት ፌሮ እና አንድ ትልቅ አፍ ይዤ ሥራ ጀምሬያለሁ። ፌሮ የምለው ጎማ ከቸርኬው የሚፈለቀቅበትን ብረት ነው። በዚያን ጊዜ አማረችን ወደድኩ። ሽማግሌ ላክሁ፤ አጎቷ አቶ ላምቤቦ ቃል ሰጡኝ፤ ሠርጉ ከጥቅምት በኋላ ተባለ። አባቷ በሕይወት የሉም። የቀሩት እናቷ ነበሩ፣ ኋላ አማቴ የሆኑት። ስማቸውን አልጠራም። ነውር ነው፤ እስከዛሬም ጠርቼው አላውቅ።

እዚህ ላይ የኛን አገር ወግ ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ዘንድ አማችና የሚስቱ እናት ፊት ለፊት አይተያዩም፣ አብረው አይበሉም፣ በቀጥታ አይነጋገሩም። ነገር ካለህ ለሦስተኛ ሰው ትናገራለህ፣ እሱ ያደርሳል። ሰው ከሌለ ለቤቱ ምሰሶ ትናገራለህ፣ እሳቸውም ለምሰሶው ይመልሳሉ። መንካትማ አይወራም! የነካ እንደሆነ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ሠርግም ይፈርሳል።

አማቴ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ቁመታቸው እንደ በር፣ ወርዳቸውም እንደዚያው። ሲስቁ ያየ ሰው አልነበረም፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጥርሳቸውን ለቆጮ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት ይባል ነበር። እኔን ደግሞ አልወደዱኝም። «እኔ ቅቤ እሸጣለሁ፣ እሱ ንፋስ ይሸጣል» አሉ አሉኝ። እውነት ለመናገር አባባሏ ቆንጆ ነች፤ እኔ ራሴ ብላት ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ገበያ መሀል ወሬ ያዝኩ። ቦዮ ሐይቅ ሄጄ እንደነበር፣ ሐይቁ መሀል ደሴት እንዳለች፣ እዚያ አውሬው ሁሉ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግቢ እንዳለው አንበሳ ተዝናንቶ እንደሚኖር፣ ጉማሬዎቹም በስም እንደሚያውቁኝ አወራሁ። ሐይቁ ዳር መሄዴ እውነት ነው። የአንድ ካሚዮን ጎማ ፈንድቶ ወስደውኝ፣ ከሩቅ ሁለት ጆሮ አይቻለሁ። ጆሮ ካልሆነም ቅጠል ነው።

ወሬዋ ቅቤ ተራ ደረሰች። በማግስቱ አቶ ላምቤቦ መጡና ጎማ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሀንዲሶ» አሉ፣ «እህቴ መልእክት ልካለች።»

«በደህና?»

«ድሮ ልጅ የሚጠይቅ ጎረምሳ ጎሽ ወይ ጉማሬ ገድሎ፣ ራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት ነበር የሚመጣ። እኔ ግደል አላልኩም ብላለች። ያሳየኝ ብቻ። ጉማሬውን በዓይኔ ካላየሁ ግን ቃሉ ይመለስ፣ ልጄን ለንፋስ አልድርም ብላለች።»

«ጉማሬ ብቻ ነው የፈለጉት?» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ሆዴ ግን እንደ ተበሳ ጎማ ሲተነፍስ ይሰማኛል።

መኪናው ተገኘ። ሸምሱ ጓደኛዬ ነው፤ የጉራጌ ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ አዲስ ላንድሮቨር ገዝቷል። መንዳት ይችላል፤ ጎማ ሲተነፍስ ግን መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ እኔ እስክደርስ ይጠብቃል። ጀልባውን እኔው ሠራሁት። ጎማ ውስጥ ያለውን ላስቲክ፣ ከመነዳሪ የምንለውን፣ ሦስት ትልልቅ የካሚዮን ሰብስቤ ነፋኋቸው፤ በላያቸው ቀርከሃ አሰርኩ፤ ሲያስፈልግ ተንፍሶ ይታጠፋል። «የሆሳዕና ባሕር ኃይል» ብዬ ሰየምኩት። ከኔ በፊት በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር የሠራ የለም። ከኔም በኋላ የለም፤ ምክንያቱን አሁን ትሰማላችሁ።

ጠዋት ተነሳን። እኔ ከፊት ከሸምሱ ጎን፣ አማቴና አጎትየው ከኋላ። አማቴን በስፖኪዮው እንዳላያቸው ሸምሱ መስታወቱን ወደ ሰማይ አዞረው። ስለዚህ ሆሳዕና ተነስተን ቆላው እስክንደርስ ከኋላችን የሚመጣውን አናይም፤ ደመና ብቻ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ፣ ወይ ውበት! ሽመላው፣ ይብራው፣ ከረጢት አንገቱ ወፍ፣ ሁሉም ገበያ የወጣ ይመስላል። ውሃው ከክረምቱ ሞልቶ ያንጸባርቃል። ወፍ የፈለገ ሞልቶለታል። ጉማሬ ግን የለም።

«ያውና!» አልኩ።

አማቴ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ላምቤቦ፣ ለዚያ ሰው ንገረው። ድንጋይ ሆሳዕናም አለ።»

«እዚያ ጋስ? ያ ጥቁሩ?»

«ግንድም አለ በለው።»

ሸምሱ ሳቁን ለመደበቅ ሞተሩን ከፍቶ ውስጡን ያይ ጀመር። ፀሐይዋ እየወጣች፣ እኔ «ያውና! ያውና!» እያልኩ ቀኑ ተጋመሰ። በመጨረሻ አማቴ ብድግ አሉና «ላምቤቦ፣ መኪናውን አስነሳ በለው፤ ቃሉም ይመለስ» አሉ።

አማረች ዓይኔ ላይ መጣች። «አቶ ላምቤቦ!» ብዬ ጮህኩ። «ንገሩልኝ! ጉማሬ ቀን ቀን ደሴቷ ላይ ነው የሚያርፈው። በባሕር ኃይሉ አሻግራቸዋለሁ። እዚያ ከሌለ ቃሉም ይመለስ፣ እኔም ጎማዬን ጠቅልዬ ከአገር እጠፋለሁ!»

አማቴ ትንሽ አሰቡ። «መጥፋቱን ከጨመረ እሺ በለው» አሉ።

ደሴቷ ሩቅ አይደለችም፤ የጮኸ ሰው ይሰማል። መሀሏ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ዙሪያዋን ቁጥቋጦና ረጅም ደንገል። አጎትየው በቀርከሃ እየገፉ ተሻገርን፤ አማቴ በአንዱ ጫፍ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ እኔ በሌላው ጫፍ ጀርባዬን ሰጥቼ። ስንወርድ አጎትየው ሸምሱን ለማምጣት ተመለሱ። እኔን ቢጠይቁኝ ኖሮ በገባንበት ይውጡ እላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በአቋራጭ እሾሁን ጥሰው ገፉት። እስካሁን ድረስ ጥፋቱ የእሳቸው ነው እላለሁ።

መሀል ላይ ሲደርሱ «ፍስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህን ድምፅ እኔ ተኝቼም አውቀዋለሁ። አንዱ ከመነዳሪ ተበስቷል። አጎትየው እስከ ወገባቸው ረጥበው፣ ቀርከሃውን እንደ ሕፃን አቅፈው ማዶ ደረሱ።

አሁን ነገሩን አስቡት። መኪናው፣ ፌሮውና መንፊያው እዚያ። የተበሳው ጀልባ እዚያ። መለጠፊያው፣ ማጣበቂያውና ብቸኛው ጎሚስታ እዚህ። ከጎሚስታው ጋር ደግሞ አማቱ!

አማቴ በወጉ መሠረት ደሴቷ ማዶ፣ ከቁጥቋጦው ጀርባ ሄደው ፊታቸውን ወደ ውሃው አዙረው ተቀምጠዋል። ወሬውን ልነግራቸው ይገባል። ግን በማን በኩል? ሰው የለም። ምሰሶም የለም። ሾላው ጋ ሄጄ፣ ግንዱን አቅፌ፣ ፊቴን ግንዱ ላይ ደፍቼ ጀመርኩ።

«ዛፉ ሆይ! እዚያ ለተቀመጡት እናት ንገርልኝ። ጀልባዋ ተንፍሳለች።»

ከዚያ ከቁጥቋጦው ጀርባ ድምፅ መጣ። «ዛፉ! ንገረው። የሱ ነገር ሁሉ መጨረሻው እንደዚያ ነው።»

ቀና ስል ደንገሉ ሲነቃነቅ አየሁ። ንፋስ የለም። ደንገሉ ተከፈለና ከውስጡ አንድ ጥቁር፣ ክብ፣ ርጥብ ነገር ወጣ። ድንጋይ ነው ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ያየሁት እሱን ነዋ! ድንጋዩ ግን አዛጋ። ወገኖቼ፣ አፉ ውስጥ የሸምሱ ላንድሮቨር ይቆም ነበር። ከኋላዋ ደግሞ ግልገሏ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አልዋሽም። «አለ! አለ! አማረችን አገኘሁ!» አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ ነው ያየሁት፦ ከደንገሉ ወደ ውሃው የሚወስደው፣ በጉማሬ እግር የተደለደለው መንገድ ላይ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ አማቴ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ግልገል የያዘች ጉማሬ ከውሃዋ የሚለያትን አትምርም።

«ዛፉ!» ብዬ ጮህኩ። «ንገራቸው! ጉማሬ! ከኋላቸው!»

«ዛፉ፣ ንገረው። እንግዲህ ይበቃል።»

«ዛፉ፣ በእግዚአብሔር! የእውነት ነው!»

«ድንጋይ ነው በለው!»

ዞር ቢሉ ያያሉ። ግን ወዲህ ቢዞሩ እኔን ያዩኛል፣ ነውር ነው፤ ስለዚህ አይዞሩም። ጉማሬዋ እርምጃዋን ጀመረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፣ ኋላ ግን አንገቷን ዝቅ አደረገች።

ከዚያ ያደረግሁትን እኔ አላደረግሁትም፤ እግሬ ነው ያደረገው። ሮጥኩ። ከጎን ደረስኩና ክንዳቸውን ያዝኩ። አማቴ ዞረው ዓይን ለዓይን ተያየን፤ በሕይወታችን የመጀመሪያው። አፋቸውን ለቁጣ ሲከፍቱ በትከሻዬ በኩል የምትመጣውን አዩ። ቁጣውን ዋጡት። ጎንበስም ሳልል ብድግ አድርጌ ጀርባዬ ላይ ጫንኳቸው። እሳቸውን! ያንን ሁሉ አማት! ወገቤ «ቀጭ» አለ። ሮጥኩ። ከኋላዬ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዬ ላይ አማቴ በሀድይኛ ይጸልያሉ። ሾላው ሥር ስደርስ ትከሻዬ ላይ ቆሙ፣ ቅርንጫፉን ያዙ፣ እኔም ከታች ገፋሁ። እንዴት እንደገፋሁ አልናገርም፤ ሙት ይከበራል። ከዚያ እኔ ራሴ እንደ ጦጣ ወጣሁ።

ጉማሬዋ ሾላውን በደረቷ ገጨችው። ሁላችንም ተንቀጠቀጥን፤ ፍሬው እንደ በረዶ ወረደ። ከዚያ አንዴ አየችን፣ ንቃን፣ ልጇ ጋ ተመልሳ ሣር ትነጭ ጀመር። ሣሩ ከዛፉ ሥር ነበር። አልቸኮለችም።

እኛም በወጋችን ተመለስን። አማቴ ከግንዱ ወዲያ፣ እኔ ከግንዱ ወዲህ፣ ጀርባ ለጀርባ።

«ዛፉ» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት» አልኩ ስለ ዛፉ።

«ለዚያ ልጅ ንገረው። ጉማሬ ነች።»

«ዛፉ፣ ድንጋይ ልትሆን እንደምትችል ንገራቸው።»

ከግንዱ ጎን በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ብቅ አለ። «ዛፉ ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም» አሉ። ዛፉ በላ። እንዲያ የጣፈጠ ቆጮ ዛፉ በልቶ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ወጣሁና ማዶውን አየሁ። ሸምሱና አጎትየው ቁጭ ብለው ጉንጫቸውን ይዘዋል።

«ሸምሱ!»

«ወላሂ በሕይወት አለ! ምን ትሠራለህ ዛፍ ላይ?»

«ጉማሬ እያስጎበኘሁ ነው! ስማኝ! የላንድሮቨሩን ስኮርታ አውርድ!» ትርፍ ጎማውን ማለቴ ነው። «የውስጡን ላስቲክ አውጣና በተበሳው ፋንታ እሰር!»

«ጎማ ፈትቼ አላውቅም!»

«ዛሬ ትፈታለህ! መጀመሪያ አተንፍሰው! ከዚያ ፌሮውን ከንፈሩ ሥር አስገባ!»

«ፌሮ የቱ ነው?»

«ጠፍጣፋው!»

«ሁለቱም ጠፍጣፋ ናቸው!»

«እንግዲያው ሁለቱንም አስገባ! አቶ ላምቤቦ ጎማው ላይ ይቁሙ! በተረከዝ ይርገጡት! ከወዲያ በኩል! ከወዲያ! ወዲያ የምለው ከወዲህ ተቃራኒ ነው!»

አቶ ላምቤቦ በነጭ ጋቢ ጎማው ላይ ወጡ። ሸምሱ ፌሮውን ተጫነ። ፌሮው አምልጦ ተስፈነጠረ፤ አጎትየው እጃቸውን እንደ ሽመላ ዘርግተው ጭቃው ውስጥ ተቀመጡ። ከግንዱ ወዲያ አንድ ድምፅ ተሰማኝ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። ቅርንጫፉ ይንቀጠቀጣል። አማቴ እየሳቁ ነበር! ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወትፈው፣ አልቻሉም፣ ፈነዱ። ጉማሬዋ እንኳ መብላቷን ትታ ቀና አለች።

«ዛፉ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ያን ልጅ ጠይቀው። ሁልጊዜ እንዲህ ነው?»

«ዛፉ፣ ከዚህ ይብሳል በላቸው።»

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ጎማው ተፈታ። ሸምሱ እየነፋ፣ እኔ «ጨምር! በቃ! አትጨምር!» እያልኩ፣ ጀልባዋ ቆመች፤ አንዱ ጎኗ አጠር ብሎ ወደ ጎን ብታነክስም። ጉማሬዋም በልታ ጠግባ፣ ልጇን አስከትላ፣ በዚያው በመንገዷ ወደ ውሃው ወረደች። እነ ሸምሱ በሌላው በኩል ደረሱ። እኔ ዘልዬ ወረድኩና ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። አጎትየው ተጨንቀው ሾላው ሥር መጡ። ቀና ብለው እህታቸውን አዩ። ቅርንጫፉን አዩ። ከመሬት ያለውን ርቀት አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸውም ጠቆረ።

«ማነው እዚህ ያወጣሽ?»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ወገኖቼ፣ ተረዱኝ! ዕድሜዬን ሙሉ ባልሠራሁት ስፎክር ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት ነገር አለ! ጉማሬ እያባረረኝ አማቴን ተሸክሜ ሮጫለሁ! ብናገር ግን ነካኋቸው ማለት ነው። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ አማረች ትቀራለች።

አማቴ ቀደሙኝ። «ማን ያወጣኛል? ራሴ ነኝ የወጣሁት።»

«አንቺ?»

«ልጅ ሳለን ሾላ ስለቅም አላየኸኝም?»

«የዛሬ ስንት ዓመት?»

«እግር አይረሳም። ያ ልጅ ከግንዱ ወዲያ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የተቀመጠው። ጨዋ ነው።» እኒያ ውሸት የማይወዱ ሴት ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ አልተደናቀፈም። «ደግሞ ጉማሬዋን አይቻታለሁ። ነጠላዬን ያዝልኝና አውርደኝ፤ ሠርግ አለብኝ።»

ጉማሬዋ ከውሃው ውስጥ ጆሮዋን ብቅ አድርጋ ነበር፤ አጎትየውም አዩ። ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀ።

አማረችን አገባኋት። ልጆች ወለድን። አማቴም እስከ መጨረሻው ፊት ለፊት አላዩኝም፤ ቤታችን ሲመጡ ግን ምሰሶውን «ዛፉ» ብለው ነበር የሚጠሩት፣ ልጆቹም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ «ዛፉ» ይሉታል።

እናንተ አንባቢዎች፣ ያ ቀን ምን ለወጠብኝ መሰላችሁ? ጉራዬን ትቻለሁ እንዳልላችሁ፣ አልተውኩም። ግን ሰው ሁሉ ፊት ስፎክር፣ ከሁሉ የሚበልጠው ታሪኬ ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ይስቅብኝ ነበር። አንድ ሴት ስለ እኔ ብላ ክብሯን ውሸት ላይ አስቀመጠችው፤ እኔም ስለ እሷ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ዝም ማለት ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ያወቅሁት ያኔ ነው። ስትሸከሙት ትለምዱታላችሁ፣ አታስቀምጡትም እንጂ። አንዳንዴ ጉረኛ ሰው ስታዩ አትናቁት፤ የማያወራው ነገር ይኖረዋል።

ባለፈው ክረምት አማቴ ታመሙ። አማረች አልጋቸው አጠገብ ነበረች። ከማረፋቸው በፊት ጠርተዋት፣ «ለዚያ ጎሚስታ ንገሪው። አሁን አፉን መፍታት ይችላል» አሏት። አማረች ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም፤ እኔ ግን ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሐዘኑ ሲያልፍ ሱቄ በር ላይ ሰዎች ሰብስቤ ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ከሐይቁ እስከ ሾላው። ሸምሱ አሁን ሸምግሏል፤ ጢሙን እያሻሸ ሰማኝና በሳቅ ወደቀ። «አንተ? እሳቸውን? ተሸክመህ? ወላሂ ሀንዲሶ፣ እኔ እዚያው ነበርኩ! ራሳቸው ወጡ እኮ!» ሌሎቹም «ጀመረ ደግሞ!» ብለው ተበተኑ። ዕድሜዬን ሙሉ ካወራሁት ሁሉ እውነቷ ወሬ እሷ ብቻ ነበረች።

አኩርፌ ቤት ገባሁ። ያን ቀን ዝናብ ሊመጣ ሲል እንደ ወትሮው ወገቤ ያዘኝ። አማረች ቅቤ እያሸችኝ ምን እንዳናደደኝ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እጇ ቆመ። ከዚያ እንደገና ማሸት ጀመረች፣ ቀስ ብላ።

«ምነው ታዲያ» አለች፣ «ጎንበስ ብለህ አታነሳትም ነበር?»